የካሮትና የቃሪያ እስረኛ

እስር ቤት የገባሁት በገዛ እጄ ነው፤ ያውም በሰናፍጭ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ የለ? አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የኔ ቤት አንኮበር ነው፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ ቆላው ወለል ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ላይ። ባለፈው ክረምት ከጓሮዬ ጎመን ልቀነጥስ ስወጣ ጭቃው አንሸራተተኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ልጄ ከደብረ ብርሃን መኪና ይዛ መጣች፣ «እስኪሻልሽ ድረስ» ብላ እንደ እህል ጆንያ ጫነችኝ። ተሻለኝ። መስቀል ሲመጣ «ብርዱ ይለፍ» አለች። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ብርዱ ይለፍ ማለት ምን ማለት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ መቼ አልፎ ያውቃል? ገና ሲመጣ «ጥምቀት ይለፍ» አለች። ጥምቀት አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን ይለፍ እንደምትል ጠፋት።

እኔ ግን ቤቴ ይጠራኛል። ቤቴ የሣር ክዳን ነው፤ የሣር ክዳን ደግሞ ሥሩ እሳት ካልነደደ፣ ጭስ ካልጠጣ ይሻግታል፣ ምስጥ ይገባዋል። ጎረቤቴ ስትደውል «ቤትሽ ጭስ ጠምቶታል» ትለኛለች። ሌላ ምንም አትለኝም። እኔም ሌላ ምንም አልሰማም።

የልጄ ቤት መንገድ ዳር ነው። ፊቱ ሥጋ ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ። አማቼ ከፊት በግ ይሰቅላል፣ ይቆርጣል፣ በከሰል ይጠብሳል። ልጄ ብርድ ልብስ የሚሠራበት ፋብሪካ ውላ ትመጣለች። እኔ ከጀርባ ነኝ። የግቢው በር ይቆለፋል፤ «ሌባ በዝቷል» ትላለች፣ ቁልፉን ይዛው ትሄዳለች። በሥጋ ቤቱ በኩል ልውጣ ብል ደግሞ ቢላዋ የያዘ አማች ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ወያላው «አንኮበር! አንኮበር! የሞላ!» እያለ በደጃችን ሲያልፍ እሰማለሁ። ከግንቡ በላይ የመኪናው ጣራ ላይ የተጫነው ዕቃ ይታየኛል። ዶሮዎቹ እንኳ ተጭነው ወደ አገሬ ይሄዳሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት መንካት አይፈቀድልኝም። አንድ ቀን ያንን የጋዝ ምድጃ ከፍቼ ክብሪት ስፈልግ ልጄ ደረሰችብኝና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ «እማዬ፣ ምድጃው አጠገብ እንዳላይሽ» ሆነ። ቢላዋ ግን አልተከለከለም። ሽንኩርት የሚልጥላት ሲጠፋ «እማዬ እኮ እጇ አይንቀጠቀጥም» ትለኛለች። እሳት ሲሆን አሮጊት፣ ሽንኩርት ሲሆን ኮረዳ ነኝ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን አማቼ የተጠበሰ የበግ ሥጋ በሳህን ልኮልኝ ቀመስኩት። ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል! ግን የደብረ ብርሃን በግ ስብ ነው፤ ከሰሉ ላይ ሲወርድ የሚንጫጫው ስብ እኔ ዘንድ እስኪደርስ በብርዱ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ይሄን ስብ የሚቆርጥ ነገር ያስፈልጋል አልኩ። እሳት የለኝም። ስለዚህ እሳት የማይፈልግ ነገር ፈለግኩ።

ከጓዳው የጥቅል ጎመን ግማሽ አገኘሁ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሁሉንም ደቀቅ አድርጌ ከተፍኩ። ጨው ነስንሼ በእጄ አሸሁት፣ ደህና አድርጌ፣ እስኪያለቅስ። ፀሎቴን እስካደርስ ተውኩት። ከዚያ ውሃውን ጨምቄ ደፋሁ። ያ ውሃ ካልወጣ ነገሩ ሾርባ ነው የሚሆነው። ሎሚ ጨመቅሁበት፣ አቼቶ ጠብ አደረግሁ። አቼቶውን ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው፤ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ለኔ የጉንዳን መንገድ ነው፣ ስለዚህ ጠርሙስ ሁሉ እየከፈትኩ አሸታለሁ። ሰናፍጭ በሙቀጫ ወቅጬ በውሃ ለወስኩት፤ አፍንጫዬን ሲቆነጥጠኝ ደረሰ ብዬ ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርት ትንሽ። ስኳር በሁለት ጣት ቁንጥር፤ ስኳሩ እንዲጣፍጥ ሳይሆን ኮምጣጣው እንዳይቆጣ ነው።

ቃሪያውን ግን ከመክተፋችሁ በፊት መቅመስ አለባችሁ። ድሮ አልዩ አምባ ገበያ ወርጄ አንዲት ነጋዴ «ወላሂ እናቴ፣ ይሄ ቃሪያ ሕፃን ይበላዋል» ብላ ሸጠችልኝ። ዳገቱን ስወጣ አንዷን ገመጥኩ። የምን ሕፃን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

አማቼ ሳህኑን ሊወስድ ገባ። እንደቆመ፣ ሳይጠይቅ በጣቱ ዛቅ አድርጎ ጎረሰ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራ ፈት አሮጊት የሠራችው ነው። እጅህን ታጥበሃል?»

«ትንሽ ልውሰድ?»

ትንሽ ብሎ ጎድጓዳውን ሳህን እንዳለ ይዞት ወጣ። ሲመለስ ሳህኑ ተልሷል። ማን እንደላሰው አልነገረኝም። እኔም ኩራቴ አፌን ዘጋው። ያን ቀን ነው ቁልፉ የዞረብኝ።

በማግስቱ ካሮት በኬሻ መጣ። ጎመን መጣ። ሎሚ መጣ። ጠዋት ተነስቼ እከትፋለሁ፣ አሻለሁ፣ እጨምቃለሁ። ከግድግዳው ማዶ የሰው ድምፅ ይሰማኛል። ስም አወጡለት እኮ! «አንድ ጥብስ፣ እማማ በዛ ይበል!» ይላል አንዱ። «ለኔ ሳያቃጥል፣ እማማ ለብቻ!» ይላል ሌላው። እኔ ከማዶ ተቀምጬ «ምነው በቁሜ በላችሁኝ» እላለሁ። ማንም አይሰማኝም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ልጄም አማቼም ባሉበት፣ ነገሬን ጀመርኩ።

«እግሬ ድኗል። ቤቴ እየሻገተ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ አሳፍሩኝ።»

አማቼ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመው። «እማማ፣ ምን በደልንዎት? እርስዎ ከሄዱ እኮ ደንበኛው ሁሉ ይበተናል።»

«ደንበኛው ሥጋ ሊበላ ነው የመጣው ወይስ እኔን?»

«እርስዎን ነው እንጂ! ሥጋማ የት ጠፍቶ?»

ልጄ አንገቷን ደፍታ እንጀራ ትቆርሳለች። «ሰማሽ አይደል እማዬ» አለች ቀስ ብላ። ያለችው ይችን ብቻ ነው። ባሏ ሥራውን እንዳያጣ የምትጨነቅ መሰለኝ፤ በሆዴም «እንዲህ ነው እንጂ ትዳር» አልኩ።

ለአማቼ ላስተምረው ሞከርኩ። «ና ቁጭ በል፣ ይሄ ሙያ አይደለም፣ ዓይን ያለው ሁሉ ይችለዋል» አልኩት። ብርጭቆ ሊያጥብ እንኳ ማጀት ገብቶ የማያውቅ ሰው! በሬ አርዶ ብልት አውጣ በሉት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። አጥንት ከሥጋ ሲለይ ብታዩት ሐኪም ነው። ካሮት ፊት ሲቀመጥ ግን እጁ ዛለ።

«እማማ፣ ይሄ የሴት እጅ ይፈልጋል» አለኝ።

«ካሮቱ ነው የነገረህ?»

«እጅ ነው እማማ። ቅመሙን ማንም ያውቀዋል። እጅ ግን የእግዜር ነው።»

ይኸው ነው ያገራችን በሽታ። ጣፈጠ ሲባል ጨው ልክ ሆኖ አይደለም፣ ውሃው ተጨምቆ አይደለም፤ እጅ ነው። እጅ ያላት ሴት ብታማስለው ድንጋይም ወጥ ይሆናል ይላሉ። ለካስ ምርቃት መስሎ ሲያስደስተኝ የኖረው ነገር ሰንሰለት ነው። እጅ እኮ ከባለቤቱ ተነጥሎ ደብረ ብርሃን አይቀመጥም።

እንግዲያው ላበላሸው አልኩ። ደንበኛው ራሱ «ይቺን አሮጊት ወደ አገሯ ስደዱልን» እንዲል ሰናፍጩን እጥፍ አደረግሁት። ሰናፍጭ ብቻ? የምታስነጥሰዋን ቃሪያ ከነፍሬዋ ከተትኩ። ስከትፍ የኔው ዓይን እንባ አፈሰሰ፣ ግን በደስታ ነው። ሳህኑን ለአማቼ አቀበልኩና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

 ከዚያ አንዱ ሳለ። ሌላው አስነጠሰ። «ኡኡ!» አለ አንዱ። እሰይ አልኩ፣ ነጠላዬን ላጣፋ ተነሳሁ።

«ይሄ ነው ወንድ!» አለ ያው ኡኡ ያለው ሰው። «ጨምርልኝ!»

«ኧረ ለኔም! የኔ ከሱ ያንሳል እንዴ?»

አማቼ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ብቅ አለ። «እማማ፣ የዛሬውስ ልዩ ነው! እያለቀሱ ነው የሚበሉት!»

ረስቼው ነው እንጂ፣ ወንድ ልጅ በጓደኛው ፊት ተቃጠልኩ ብሎ ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት መሥራት ግድ ሆነብኝ፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለጀግና። ሥራዬን በገዛ ተንኮሌ እጥፍ አደረግሁት።

የቀረኝ ተስፋ ሁዳዴ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ እጄ ያርፋል። ሁዳዴ ሲገባማ እስከ ፋሲካ ጥርቅም ነው። ያኔ ማን በምን ያስቀረኛል? እያልኩ ቅበላን ስጠብቅ ቆየሁ። አማቼ ይሄን እንደገመተ ሁሉ አንድ ቀን እጁን እያሻሸ መጣ።

«እማማ፣ ደስ የሚል ነገር አስቤያለሁ። በጾሙ ድንች እንጠብሳለን።»

«ምን?»

«ድንች በከሰል። የእርስዎ ነገር ጾም አይደል? ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ድንቹን ሰንጠቅ አድርጎ እላዩ ላይ ጣል! ሕዝቡ ይሰለፋል።»

አልሸሹም ዞር አሉ! እኔ ከበግ አመልጣለሁ ስል ድንች ያዘኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። እኔ መቼም ሳልስቅ የምውል ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር ባይ ባይ የለም። ግንቡ አለ፣ ከግንቡ በላይ ሰማይ አለ፣ ሰማዩም ጠባብ ነው። እኛ አገር ሰማይ ወደ ታችም ይታያል፤ ደመናው ከእግርሽ ሥር ነው የሚያልፈው። ይሄን ለነዚህ ሰዎች እንዴት ብዬ አስረዳቸዋለሁ?

ስነሳ ግን መላ ይዤ ተነሳሁ። ያሰረኝ እጄ ነው? እንግዲያው እጄን አስራለሁ።

ቅበላ እሁድ ነው፣ የዓመቱ ትልቁ የሥጋ ቀን። ጠዋት ልጄ ስትገባ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ተኝቻለሁ።

«ቁርጥማት ያዘኝ ልጄ። ጣቴን ማጠፍ አቃተኝ።»

«ዛሬ? እማዬ፣ ዛሬ?»

«ቁርጥማት ቀን አይመርጥም። ነይ አንቺ ሥሪው፣ እኔ በአፌ እየመራሁሽ።»

«እኔ እኮ እጅ የለኝም፣ ይታወቅብኛል።»

«ያንቺ እጅ ከየት መጣ? ከኔ አይደል? በይ ካሮቱን ያዢ።»

ቁጭ አለች። ከተፈች። መጀመሪያ እንደ ማገዶ ትከሰክሰው ነበር፤ «ደቀቅ! ደቀቅ አድርጊው፣ ለሰው እኮ ነው!» አልኳት፣ ደቀቀ። ጨው ስታበዛ «ረጋ በይ፣ ሬሳ አታደርቂም» አልኳት። አሸችው። ጨመቀችው። ስትጨምቅ ክንዷን አየሁት፣ የኔን የወጣትነት ክንድ መስሎ አገኘሁት። ሰናፍጩን ስትለውስ አፍንጫዋን ያዘች፤ ያኔ ደርሷል አልኩ። ከቀመሰችው በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። ለባሏ እንዳትነግረው ተስማምተናል፣ «ከሰማ ሳይቀምስ ነው የሚያማርረው» ብላ እሷው ናት ያለችው።

የዚያን ቀን ሥጋ ቤቱ ጢም አለ። ከግድግዳው ማዶ ሳቁ፣ የቢላው ድምፅ፣ «እማማ ጨምር!» የሚለው አይጠየቅም። ወደ እኩለ ቀን ግድም አማቼ ባዶ ሳህን ታቅፎ እየሮጠ ገባ።

«እማማ፣ እጅዎ ይባረክ! እንደዛሬ ጣፍጦ አያውቅም! ‹እማማ ዛሬ በደስታ ነው የሠሩት› እያሉ ነው።»

ልጄ ትሪ እያጠበች ነው። አየኋት። አሁን ትናገራለች አልኩ፤ እጅ አለሽ ተብላ ደስ ይላት ይሆናል፣ «እኔ ነኝ» ትላለች። ትሪዋን አጠበች። ያጠበችውን ትሪ መልሳ አጠበች። 

«የኔ አይደለም» አልኩ እኔው። እጄን ከነጠላው አውጥቼ አንድ አንድ ጣቴን እያጠፍኩ አሳየሁት። «የሚስትህ ነው። እኔ ካልጋዬም አልወረድኩ።»

አማቼ ሳህኑን አየ፣ ሚስቱን አየ። ቱግ ይላል ስል ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ ቤቴ ውስጥ ሁለት እጅ ነበረኝ በሉኛ! እማማ፣ በቃ፣ ይረፉ። ነገ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ እኔ ራሴ አንኮበር አደርስዎታለሁ።»

በቃ፣ ተፈታሁ! ዘልዬ ልስመው ስል ልጄ ትሪውን ለቀቀችው። መሬት ላይ ተንቃጨለ።

«አትሄድም» አለች።

«ምነው? አሁን እኮ ራስሽ ሠርተሽው...» አለ ባሏ።

«አትሄድም አልኩ!» ወደኔ ዞረች። «ክረምት ላይ ስትወድቂ፣ ጎረቤትሽ ደውላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እናትሽን ትንሽ አሟታልና ብቅ በይ› ነው ያለችኝ።»

«ታዲያ ትንሽ አሞኝ አልነበር?»

«እማዬ! ሰው ሲሞት እኮ ነው እንዲህ የሚባለው!»

እውነቷን ነው። ባገራችን ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል» ይባላል፣ ሰውዬው ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል። ምስኪን ጎረቤቴ የሆነውን፣ ልክ የሆነውን ነገረቻት። ልጄ ግን የሰማችው ሌላ ነው።

«ጥቁር ነጠላ በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት» አለች። «መንገዱን ሙሉ አልቅሼ ጨርሼሻለሁ። ሾፌሩ ነፍስ ይማር ብሎኛል። ደጃፍሽ ስደርስ እንዴት ብዬ እንደምገባ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁ፤ ‹ቀስ ብለሽ እሺው፣ እግር ነው እንጂ ሊጥ አይደለም!› እያልሽ ጎረቤትሽን ስትሰድቢያት።»

እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ አሳቀኝ። «እንግዲህ ተዝካሬን ሳልበላው ቀረሁ በይኛ!» አልኳት።

አልሳቀችም። እኔ ስቀልድ ልጄ ሳትስቅ ስትቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። አማቼ ሳህኑን እንደታቀፈ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከማዶ «ኧረ እማማ አለቀ!» ይላሉ።

«ነጠላውን ቤትሽ ሳልገባ አጥርሽ ሥር ደበቅሁት» አለች። «አሁንም ስልክ ሲጠራ ማንሳት እፈራለሁ። እዚህ ስትሆኚ ነው ደፍሬ የማነሳው። ለካሮት መሰለሽ?»

እኔማ ለካሮት መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ የታሰርኩት ለባሏ ሥጋ ቤት መስሎኝ ያንን ሁሉ ሰናፍጭ አስጨፈርኩ። ቁልፉ እዚያ አልነበረም። ባሏን አሸነፍኩት፣ ቅመሙንም አሸነፍኩት፣ እሷን ግን በምን ላሸንፋት? ቤቴ ጭስ ጠምቶታል ልበላት? ለቤት ጭስ ብዬ ልጄን ስልክ ጥሪ ላይ ልጣዳት?

«ፋሲካ ይለፍ» አልኳት በመጨረሻ። ይህንን ቃል ከሷ ነው የተማርኩት።

ይሄው ጾም ገብቷል። አማቼ ድንቹን ይጠብሳል። ጎረቤቴን ለምኜ እኔ ቤት አልፎ አልፎ እሳት ታነድልኛለች፤ «የሰው እሳት ለሰው ቤት ይሆናል እንዴ?» ትለኛለች፣ ግን ታነዳለች። ወያላው አሁንም ጠዋት «አንኮበር!» እያለ ያልፋል፣ እኔም ተጠቅልዬ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ማለዳ ደግሞ አንድ ነገር ያዝኩ። ልጄ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የክፍሌን በር ቀስ አድርጋ ከፍታ ትቆማለች።  ጋቢው ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ ነው የምታየው። በየቀኑ ታደርገው ኖሯል፣ እኔ እንቅልፋሟ አላውቅም። መቼም አመል ነውና ትንፋሼን ያዝኩ፤ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ። እግሯ በሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ነጠላዋ ሲንሸራተት ተሰማኝ። አልቻልኩም፤ ሳል ሳይኖርብኝ ሳልኩላት። ደህና አድርጌ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«ነቅተሻል እንዴ እማዬ?» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

«ማን ያስተኛኛል?»

«ስመለስ ከገበያ ምን ላምጣልሽ?»

«የአንኮበር መኪና።»

ሳቀች። አመሻሽ ላይ ካሮት ይዛ መጣች።